መምህሩ ቀድሞ ይግባበት፦ ተማሪዎችን በሙያ ትስስር መድረክ ለማስጀመር የሚረዳ የአሠራር መመሪያ

ከሁለት ዓመት በፊት፣ በሰኔ ወር አጋማሽ፣ አንድ ተመራቂ ተማሪዬ ጣና ዳር ካለ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ ስልኩን አሳየኝ። ሊንክዲን በተባለው የሙያ ትስስር መድረክ ላይ በአንድ ሌሊት ለ70 ያህል ሰዎች አንድ ዓይነት መልእክት ልኳል፤ መልእክቱም «ጤና ይስጥልኝ ጌታዬ፣ አዲስ ምሩቅ ነኝ፣ ሥራ ካለ እባክዎ ይርዱኝ» የሚል ነበር። አንድም ሰው አልመለሰለትም፤ መድረኩም ለጊዜው አዲስ የትውውቅ ጥያቄ እንዳይልክ አግዶታል። ይህ ልጅ ግን ለመመረቂያ ጽሑፉ አራት ወር ሙሉ ከንጋቱ 12 ሰዓት ጀምሮ ዓሣ አስጋሪዎቹ ከሐይቁ እስኪመለሱ እየጠበቀ ቆሮሶ የተባለውን ዓሣ ርዝመትና ክብደት ሲለካ የከረመ፣ መረጃውን ራሱ ሰብስቦ ራሱ የተነተነ ተማሪ ነው። ከዚህ ሁሉ ድካም በፕሮፋይሉ ላይ የሰፈረ አንድም ቃል አልነበረም፤ ከስሙ ሥር የተጻፈው «ተማሪ» ብቻ ነው። ዓሣውን እንዴት እንደሚለካ ያስተማርኩት እኔ ነኝ፤ የሠራውን ሥራ ለማያውቀው የሙያ ባልደረባ እንዴት እንደሚያስረዳ ግን አላስተማርኩትም።

ከዚያ ወዲህ ከተማሪዎቼ ጋር የምሠራውን ሥራ፣ ሌሎች የባሕር ዳር መምህራን በየትምህርት ክፍላቸው እንዲሞክሩት በማሰብ ከዚህ በታች በቅደም ተከተል አስፍሬዋለሁ።

ጉዳዩ ለምን የመምህሩ ይሆናል?

በእኛ አገር ሥራ በሰው በሰው እንደሚገኝ ሁሉም ያውቃል፤ ብዙ ጊዜ የምናነሣውም በምሬት ነው። ይሁን እንጂ በትውውቅ የሚገኝ ሥራ ሁሉ አድልዎ አይደለም። ማርክ ግራኖቬተር የተባለው አሜሪካዊ የማኅበረሰብ ጥናት ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመው ጥናት፣ ሥራቸውን በሰው ጥቆማ ያገኙ ሰዎችን ጠቋሚያቸውን ምን ያህል ጊዜ ያገኙት እንደነበር ጠይቆ ነበር። ጠቋሚያቸውን አዘውትረው ያገኙ የነበሩት ከመቶ 17 ያህሉ ብቻ ሲሆኑ፣ የቀሩትን የጠቆማቸው አልፎ አልፎ ወይም በዓመት አንዴና ከዚያ ባነሰ ጊዜ የሚያገኙት ሰው ነበር። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የቅርብ ወዳጃችን የሚያውቀውን እኛም እናውቀዋለን፣ ራቅ ያለው ሰው ግን እኛ ያልሰማነውን ይሰማል። እ.ኤ.አ. በ2022 ሳይንስ በተባለው መጽሔት የወጣና 20 ሚሊዮን ያህል የሊንክዲን ተጠቃሚዎችን ያካተተ ጥናትም ወደ አዲስ ሥራ በማሸጋገር ረገድ የላላ ትውውቅ ከጠበቀው እንደሚበልጥ አረጋግጧል፤ የጋራ ወዳጅ እጅግ ጥቂት የሆነበት ፍጹም የላላ ትውውቅ ግን ያን ያህል እንደማይጠቅም ጨምሮ አሳይቷል።

ይህን ወደ እኛ ክፍል እናምጣው። አባቱ መሐንዲስ፣ አክስቱ የባንክ ሥራ አስኪያጅ የሆኑ ተማሪ የላላ ትውውቅ ከቤቱ ይዞ ይመጣል። ከደራ ወይም ከአቸፈር ገጠር የመጣው ተማሪ ግን በሙያው ውስጥ የሚያውቀው የመጀመሪያውና ብዙውን ጊዜ ብቸኛው ሰው መምህሩ ነው። መምህሩ መንገዱን ካላሳየው ሌላ የሚያሳየው ሰው የለም። ሥራውን ለዩኒቨርሲቲው የሥራ ፈጠራና ቅጥር ማዕከል ብቻ ትቶ መቀመጥ የማይገባው በዚህ ምክንያት ነው፤ ማዕከሉ ሲቪ አጻጻፍ ሊያሠለጥን ይችላል፣ የተማሪውን ሥራ በዓይኑ ያየው ግን መምህሩ ነው።

እርግጥ ነው፣ በክልሉ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ቅጥር አሁንም በማስታወቂያ ሰሌዳና በምዝገባ የሚፈጸም በመሆኑ ተማሪው ሰሌዳውን ማየቱን እንዳይተው መንገር ያስፈልጋል። «ዜሮ ዓመት» የሚባሉት ለአዲስ ምሩቃን የሚወጡ ቦታዎችም በብዛት የሚሰሙት በቴሌግራም ቻናሎች ነው። ቴሌግራሙ ክፍት ቦታ መኖሩን ይነግራል፤ የሙያ ትስስር መድረኩ ደግሞ በዚያ ቦታ የሚሠራውን ሰው ያሳያል። ሁለቱ የተለያዩ ጥቅሞች ስለሆኑ አንዱን በሌላው መተካት አይገባም።

አንደኛ፦ የራስዎን ፕሮፋይል ያስተካክሉ

ሊንክዲን እ.ኤ.አ. በግንቦት 2003 ሥራ የጀመረ፣ በ2016 ማይክሮሶፍት በ26.2 ቢሊዮን ዶላር የገዛው፣ ዛሬ ከ1 ቢሊዮን በላይ አባላት ያሉት መድረክ ነው። ይህን ማወቅ ብቻ ግን ለማስተማር አያበቃም። በፈረስ ያልተቀመጠ ሰው ፈረስ ግልቢያ እንደማያስተምር ሁሉ፣ መምህሩም ቢያንስ ለአንድ ሴሚስተር ራሱ ሳይጠቀምበት ተማሪውን ሊመራ አይችልም።

ስለዚህ በመጀመሪያው ሳምንት ፕሮፋይልዎን ይክፈቱ ወይም ከዓመታት በፊት ከፍተው የተዉትን ያድሱ። የሚያስተምሩበትን የትምህርት ክፍል፣ የሠሯቸውን ጥናቶችና የሚያማክሩባቸውን ርዕሶች በግልጽ ይጻፉ። ቀጥሎም ባለፉት ዓመታት ያስተማሯቸውን፣ ዛሬ በሥራ ላይ ያሉ ልጆች ፈልገው ይገናኙ፤ ብዙዎቹ የመምህራቸው ስም ሲመጣላቸው በደስታ ይቀበላሉ። ይህ የእርስዎ ትውውቅ ነገ ለተማሪዎችዎ የሁለተኛ ደረጃ ትውውቅ ይሆናል፤ ማለትም ተማሪዎ ከእርስዎ ጋር ሲገናኝ የእርስዎን የቀድሞ ተማሪዎች መድረኩ «የጋራ የምታውቁት ሰው አለ» እያለ ያሳየዋል። ከላይ ከተጠቀሰው ጥናት ጋር የሚገጥመውም ይህ ነው፤ ፍጹም ባዕድ ያልሆነ፣ የቅርብም ያልሆነ ሰው።

ሁለተኛ፦ ሥራውን በሦስተኛ ዓመት ይጀምሩ

የመውጫ ፈተናው ከ2015 ዓ.ም ጀምሮ ተግባራዊ ከሆነ ወዲህ የመጨረሻው ዓመት ተማሪ ሁለተኛው ሴሚስተር ላይ ጭንቅላቱ በሌላ ነገር የተያዘ ነው። ፕሮፋይል ማዘጋጀት ከዚያ በፊት፣ በተለይ ተማሪዎች ለኢንተርንሺፕ ከመውጣታቸው አንድ ወር ቀደም ብሎ ቢሆን ይመረጣል። ኢንተርንሺፕ ወጥተው የሚያገኟቸው የፋብሪካ ኃላፊዎች፣ የሆስፒታል ባለሙያዎችና የሳይት መሐንዲሶች በሙያቸው ውስጥ የመጀመሪያ ትውውቆቻቸው ናቸውና ስማቸው ሳይረሳ እዚያው መያዝ አለበት።

ሦስተኛ፦ ጽሑፉን በወረቀት፣ በአማርኛ ያስጀምሩ

ኢንተርኔት በሚቆራረጥበትና የዳታ ጥቅል በሚወደድበት ሁኔታ ተማሪውን በቀጥታ ስልክ ላይ ማስቀመጥ ጊዜና ገንዘብ ያባክናል። ከዚያ የሚበልጠው ችግር ደግሞ ተማሪው በቀጥታ በእንግሊዝኛ ሲጽፍ ከጓደኛው ፕሮፋይል መገልበጡ ነው። ውጤቱም «ታታሪ፣ በቡድን መሥራት የሚችል፣ ጫና የሚቋቋም» የሚል፣ የማንንም ልጅ ከማንም ልጅ የማይለይ ጽሑፍ ይሆናል።

እኔ የምጠቀመው ዘዴ ይህ ነው። ለእያንዳንዱ ተማሪ አንድ ባዶ ወረቀት እሰጥና በአማርኛ ሦስት ጥያቄዎች እንዲመልስ አደርጋለሁ፦ በእጅህ የሠራኸው ነገር ምንድን ነው? በምን መሣሪያ ወይም ሶፍትዌር ሠራኸው? ውጤቱ በቁጥር ሲገለጽ ምን ያህል ነው? ከላይ ያነሣሁት የዓሣ ተማሪ ይህን ወረቀት ሲሞላ የጻፈው እንዲህ ይላል፦ «በጣና ደቡባዊ ዳርቻ ለአራት ወር የቆሮሶ ናሙና ሰበሰብኩ፤ 312 ዓሣ ለካሁ፤ መረጃውን በኤክሴል መዝግቤ በአር (R) ሶፍትዌር ተነተንኩ።» ሦስት አጭር ሐረጎች ናቸው፤ አንድ የዓሣ ምርምር ባለሙያ ሲያነባቸው ግን ልጁ የሚያውቀውንና የማያውቀውን ወዲያው ይረዳል። ወደ እንግሊዝኛ መመለስ ከዚህ በኋላ የሚመጣ ቀላል ሥራ ነው። በአማርኛ መጀመሩ ሌላም ጥቅም አለው፤ ተማሪው በአፍ መፍቻ ቋንቋው ሲጽፍ ያልሠራውን ሠራሁ ለማለት ያፍራል።

ለእውነተኛነቱ ጥብቅ ይሁኑ። በግንቦት 2016 ዓ.ም የተመረቀውን፣ 380 ሜትር የሚረዝመውን አዲሱን የዓባይ ድልድይ እንደ ምሳሌ እንውሰድ። በግንባታው ወቅት እዚያ ለልምምድ የወጣ የሲቪል ምሕንድስና ተማሪ «በዓባይ ድልድይ ግንባታ መሐንዲስ» ብሎ ቢጽፍ በመጀመሪያው ቃለ መጠይቅ ይጋለጣል። «ለሁለት ወር የኮንክሪት ናሙናዎች ጥንካሬ ሲመረመር ረዳሁ፣ የዕለት መዝገብ ያዝኩ» ብሎ ቢጽፍ ግን ስለ ናሙናው የሚጠየቀውን ሁሉ ሊመልስ ይችላል፤ ቀጣሪም የሚፈልገው ይህንኑ ነው።

አራተኛ፦ ፕሮፋይሉን ይሙሉ

ወረቀቱ ሲያልቅ ክፍሉን ወደ ኮምፒውተር ላብ ይውሰዱ። ከስም ሥር የሚገባው አጭር መግለጫ እስከ 220 ፊደል የሚፈቅድ ስለሆነ «ተማሪ» በሚል ቃል ብቻ መባከን የለበትም፤ የሙያው ስም፣ ያተኮረበት ጉዳይና ከተማው ሊገቡበት ይችላሉ። «ስለ እኔ» የሚለው ክፍል 2,600 ፊደል ቢፈቅድም ለተማሪ ስድስት ሰባት ዓረፍተ ነገር ይበቃል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው አንድ ነገር አለ። ተማሪው የትምህርት ቤቱን ስም ሲያስገባ መተየብ ሲጀምር ከሚወርድለት ዝርዝር ውስጥ ዓርማ ያለውን ትክክለኛውን የዩኒቨርሲቲ ገጽ መምረጥ ይኖርበታል። በራሱ አጻጻፍ ጽፎ ካለፈ፣ ወይም ከዩኒቨርሲቲው ይልቅ የግቢውን የተለምዶ ስም ካስገባ፣ ከዩኒቨርሲቲው ምሩቃን ጋር አይቆጠርም፤ ምሩቃንን የሚፈልግ ሰውም አያገኘውም። በላቡ ውስጥ እየዞሩ አንድ በአንድ ይህን ያረጋግጡ።

ፎቶ ግልጽና ፊት የሚታይበት ቢሆን መልካም ነው፤ ሆኖም ሴት ተማሪዎች ፎቶ እንዲያስገቡ አይጫኗቸው። ከማያውቋቸው ወንዶች ከሥራ ውጭ የሆነ መልእክት ሲመጣባቸው ማገድና ለመድረኩ ሪፖርት ማድረግ እንደሚችሉ ቁልፎቹን እየጠቆሙ ያሳዩዋቸው፤ ይህን በክፍሉ ሁሉ ፊት በግልጽ መናገር ከአንዲት ተማሪ ጋር ለብቻ ከመነጋገር ይሻላል። የልደት ቀን፣ የመታወቂያ ቁጥር፣ የዲግሪ ወረቀት ፎቶና የቤት አድራሻ ለማንም በሚታይ ቦታ እንዳይለጠፉም ያስጠንቅቁ።

አምስተኛ፦ የምሩቃንን ገጽ አብራችሁ አንብቡ

ከሁሉም በላይ የምወደው ክፍለ ጊዜ ይህ ነው። በዩኒቨርሲቲው ገጽ ላይ ምሩቃን የሚታዩበትን ክፍል በፕሮጀክተር ይክፈቱ። ክፍሉ ምሩቃኑን በሚኖሩበት አገር፣ በሚሠሩበት ድርጅት፣ በተማሩት የትምህርት ዘርፍና በተመረቁበት ዓመት ለይቶ ያሳያል። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲን ብንወስድ፣ ፖሊ የሚባለው የፖሊቴክኒክ ተቋም እ.ኤ.አ. በ1963 በሶቪየት ኅብረት ትብብር፣ ፔዳ የሚባለው የመምህራን ማሠልጠኛ ደግሞ በ1972 ተመሥርተው በ2000 አንድ ዩኒቨርሲቲ የሆኑ በመሆናቸው፣ ምሩቃኑ ከስድሳ ዓመት በላይ የተዘረጋ ትውልድ ናቸው።

ተማሪዎቹ በየተራ እየመጡ በራሳቸው ዘርፍ እንዲፈልጉ ያድርጉ፤ ከዚያም የአምስት ሰዎችን የሥራ ጉዞ እንዲጽፉ የቤት ሥራ ይስጧቸው፦ ከተመረቁ በኋላ የመጀመሪያ ሥራቸው ምን ነበር፣ ስንት ዓመት ቆዩበት፣ ወደሚቀጥለው የተሻገሩት በምን ተጨማሪ ሙያ ነው? አንዲት የጨርቃ ጨርቅ ምሕንድስና ተማሪ ይህን ሥራ ይዛ ስትመለስ «ሁሉም ፋብሪካ ይገባሉ ብዬ ነበር፤ ሁለቱ ግን የጥራት ቁጥጥር መርማሪዎች፣ አንዷ የግዢ ባለሙያ ሆነዋል» አለችኝ። አራት ዓመት ሙሉ በንግግር ያልገባት ነገር በአንድ ከሰዓት ገባት። ሥርዓተ ትምህርቱ በሚቀጥለው ጊዜ ሲከለስ መምህሩ ራሱ ይዞ የሚቀርበው መረጃም ከዚሁ ይገኛል።

ስድስተኛ፦ የትውውቅ መልእክት አጻጻፍ ያስተምሩ

ባህላችን እዚህ ላይ ይረዳናል። ሰው ቤት የሚሄድ እንግዳ በሩን አንኳኩቶ፣ ማን እንደሆነና ማን እንደላከው ተናግሮ፣ ሰላምታ ሰጥቶ ነው ጉዳዩን የሚያነሣው። ገና በሩ ላይ ሆኖ «ገንዘብ አበድሩኝ» የሚል የለም። መልእክቱም እንዲሁ ነው። ነጻ አካውንት ላለው ሰው ከትውውቅ ጥያቄ ጋር የሚላከው ማስታወሻ 200 ያህል ፊደል ብቻ የሚይዝና በወር የተወሰነ ቁጥር ያለው ስለሆነ ቃሉ መመረጥ አለበት።

ለተማሪዎቼ የምሰጠው ናሙና ይህን ይመስላል፦ «ጤና ይስጥልኝ ወይዘሮ …፣ በባሕር ዳር የዓሣ ሀብት ትምህርት የአራተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ስለ ጣና ዓሣ አያያዝ የሠሩትን ሥራ አንብቤ የናሙና አወሳሰዱን በተመለከተ አንድ ጥያቄ አለኝ። ቢፈቅዱልኝ እጠይቅዎታለሁ።» በዚህ ውስጥ ሥራ የሚለምን ቃል የለም። ጥያቄው እውነተኛ መሆን አለበት፤ ተማሪው የሰውየውን ሥራ በእርግጥ ሳያነብ አንብቤያለሁ እንዳይል ይምከሩት። የላከለት ሰው መልስ ሲሰጥ በ24 ሰዓት ውስጥ ማመስገን፣ ካልመለሰ ከሁለት ሳምንት በኋላ አንድ ጊዜ ብቻ ማስታወስ፣ ከዚያ መተው ተገቢ ነው። በሳምንት ከአምስት በላይ እንዳይልኩ ወሰን አበጅቻለሁ፤ 70 መልእክት በአንድ ሌሊት የላከውን ልጅ ያየሁ በመሆኔ በዚህ ወሰን ላይ አልደራደርም።

ሰባተኛ፦ ማጭበርበርን ለይተው ያሳዩ

ተማሪውን ወደዚህ መድረክ ያስገባ መምህር አደጋውንም የማሳየት ግዴታ አለበት። በየካቲት 2017 ዓ.ም ከምያንማር የማጭበርበሪያ ካምፖች ተለቀው ወደ ታይላንድ ከተሻገሩት 260 ሰዎች መካከል 138ቱ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ወደነዚህ ካምፖች ሰው የሚወሰደው በአብዛኛው ጥሩ ደመወዝ ያለው የኮምፒውተር ወይም የደንበኞች አገልግሎት ሥራ አለ በሚል የተስፋ ቃል ነው። የሚታለሉትም እንግሊዝኛ የሚችሉ፣ ኮምፒውተር የሚያውቁ፣ የተማሩ ልጆች ናቸው፤ ማለትም የእኛው ተማሪዎች።

ስለዚህ ለክፍሉ ሁለት ነገር በጥብቅ ይንገሩ። ለምዝገባ፣ ለሥልጠና ወይም ለቪዛ ማስፈጸሚያ በቴሌብር ገንዘብ ላክ የሚል ቀጣሪ ቀጣሪ አይደለም። ለሥራ ወደ ውጭ የሚያስኬድ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 923/2008 መሠረት ሕጋዊ ፈቃድ ያለው ኤጀንሲ መሆን ስላለበት፣ ፈቃዱን ከሚመለከተው መሥሪያ ቤት ሳያረጋግጡ ፓስፖርት መስጠት አይገባም። ቃለ መጠይቅ ሳያደርግ የቀጠረ፣ ወዲያው ወደ ሌላ የመልእክት መተግበሪያ እንሂድ ያለ ወይም የድርጅቱ ገጽ ከተከፈተ ጥቂት ሳምንት ብቻ የሆነው ሰው ከመጣ ተማሪው መጀመሪያ ለመምህሩ እንዲያሳይ ያስለምዱት። እኔ በር ላይ ቆሞ «ቲቸር፣ ይቺን አንዴ ይዩልኝ» የሚለኝን ልጅ በምንም ምክንያት አልመልስም።

ስምንተኛ፦ የድጋፍ ቃል ይጻፉ፣ ድንበርዎንም ይጠብቁ

መድረኩ የድጋፍ ቃል በሌላ ሰው ፕሮፋይል ላይ ለመጻፍ ያስችላል፤ መምህር ከሚሰጣቸው ስጦታዎች ሁሉ ትልቁ ይህ ይመስለኛል። «ጎበዝና ጨዋ ተማሪ ነው» የሚለው ግን ለማንም አይጠቅምም። «ማለዳ በዝናብ ጊዜ ሳይቀር ናሙና ሲወስድ አይቻለሁ፤ ሁለት ስሕተቶችን ራሱ አግኝቶ አርሞልኛል» የሚለው ይጠቅማል። ያላዩትን አይጻፉ፤ በዓመት ለአሥር ተማሪ በእውነት ጽፎ ማቆም ለመቶ ተማሪ አንድ ዓይነት ቃል ከመገልበጥ ይሻላል።

ውጤት ገና ያልገባለት ተማሪ የትውውቅ ጥያቄ ሲልክልዎ ለሁሉም እኩል ይቀበሉ ወይም ውጤት እስኪገባ ለሁሉም ያቆዩ፤ አንዱን ተቀብሎ ሌላውን መተው ጥርጣሬ ያመጣል። ለትውውቅ ብዛትም ማርክ አይስጡ።

ዘጠነኛ፦ ከምረቃ በኋላ አንድ ጊዜ ይጥሯቸው

ከተመረቁ ከሦስት ወር በኋላ ለቀድሞ ክፍልዎ አንድ አጭር መልእክት ይላኩ፤ ሥራ ያገኙ ፕሮፋይላቸውን እንዲያድሱ፣ ለረዷቸው ሰዎች ሁሉ እንዲያመሰግኑ፣ ከሚቀጥሉት ተማሪዎች ለሚመጣ አንድ ጥያቄ በወር አንድ ጊዜ መልስ ለመስጠት ፈቃደኛ ከሆኑ ስማቸውን እንዲያሳውቁዎት ይጠይቋቸው። ሥራ ላላገኙት ደግሞ ለሥራ ዝግጁ መሆናቸውን የሚያሳውቀውን ምልክት ለሁሉም ወይም ለቀጣሪዎች ብቻ እንዲታይ አድርገው ማብራት እንደሚችሉ ይንገሯቸው፤ ቢሮዎም ክፍት መሆኑን እንዲያውቁ ያድርጉ። ፈቃደኞቹን በአንድ ደብተር ላይ በሙያና በከተማ ለይተው ይመዝግቡ። የዓሣው ተማሪዬ ዛሬ በዚያ ደብተር ውስጥ ተመዝግቧል፤ ባለፈው ጥቅምት አንዲት የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ስለ ናሙና አወሳሰድ ጽፋለት በማግስቱ የመለኪያ ቅጹን ልኮላታል።